ለሪሞት መኪናና ለድሮን ሞተር የትኛው ማገናኛ? ምርጫው ከካውያችሁ ይጀምራል

አዲስ ብራሽለስ (የካርቦን ብሩሽ የሌለው) ሞተር ከሳጥኑ ሲወጣ ሦስት ገመድ ይዞ ይመጣል። አንዳንዱ ጫፉ ላይ ወርቅ ቅብ ማገናኛ አስቀድሞ ተበይዶለታል። የብዙው ግን ማገናኛዎቹ በትንሽ ላስቲክ ተቋጥረው ለብቻቸው ይቀመጣሉ፣ ወይም ከነጭራሹ የሉም። ከዚያ በኋላ ውሳኔው የእናንተ ነው። እያንዳንዱ ገመድ የየራሱን ክብ ማገናኛ (ቡሌት የሚባለውን) ይያዝ? ሦስቱንም በአንድ ቤት የሚያስገባው ኤምቲ60 ይሻላል? ወይስ ማገናኛ የሚባል ነገር ትቶ ሞተሩን ከኢኤስሲው ጋር በቀጥታ መበየድ? ኢኤስሲ የምንለው የባትሪውን ኃይል እየቆራረጠ ለሦስቱ ገመዶች በተራ የሚያዳርሰውን የፍጥነት መቆጣጠሪያ ነው።

ብዙ ሰው የሚያወዳድረው አምፔር ብቻ ነው። እኔ ግን ከአምፔሩ በፊት ጠረጴዛችሁ ላይ ያለውን የብየዳ ካውያ ተመልከቱ እላለሁ። በደንብ የተበየደ 3.5 ሚሊ ሜትር ቡሌት፣ በደከመ ካውያ በግድ ከተለጠፈ 5.5 ሚሊ ሜትር ቡሌት ይበልጣል። ምክንያቱ በቀላል ስሌት ይታያል። መገናኛው ላይ 1 ሚሊኦም ሬዚስታንስ (የኤሌክትሪክን መንገድ የሚያግድ ነገር) ብቻ ቢኖር፣ 50 አምፔር ሲያልፍበት 2.5 ዋት ሙቀት ይፈጠራል። አምፔሩ በእጥፍ አድጎ 100 ሲሆን ሙቀቱ በአራት እጥፍ ወደ 10 ዋት ይወጣል። ይህ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው ከአንድ ባቄላ ብዙም በማይበልጥ ብረት ላይ ነው። ሊዱ (የምንበይድበት ሶልደር) መለስለስ ሲጀምር መገናኛው ይላላል፤ ሲላላ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፤ ሲጨምር ደግሞ የባሰ ይግላል። የሞዴል አውሮፕላን አየር ላይ እያለ አንዱ ገመድ ሲነቀል መነሻው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ብየዳ ነው።

እኔን ያስተማረኝ አንድ የሞዴል ጀልባ ሞተር ነው። ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፣ ወዲያ ወዲህ ይላል እንጂ አይዞርም፤ ኢኤስሲው ግን ይግላል። ኢኤስሲው ተበላሽቷል ብዬ ሌላ ገዛሁ። ያው ሆነ። ሞተሩ ተቃጥሏል ብዬ ልጥለው ስል ሽሪንኩን (መገናኛውን የሚሸፍነውን፣ ሲሞቅ የሚጠብቀውን ላስቲክ) በቢላ ቀድጄ አየሁት። ከሦስቱ ገመዶች አንዱ በሊድ ተከቧል እንጂ ከሊዱ ጋር አልተያያዘም። ሳብ ሳደርገው ከቡሌቱ ውስጥ ንጹህ ሆኖ ወጣ። ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ክፍል ብቻ የምታነቡ ከሆነ ግን ስለ ኢናሜል ያለውን አንብቡ።

በቀጥታ መበየድ

በኤሌክትሪክ ዓይን ከተመዘነ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። የሚላላ ነገር የለም፣ ክብደት አይጨምርም፣ ሬዚስታንሱም ዝቅተኛ ነው። ትንንሽ የውድድር ድሮኖች ላይ ሞተሩ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በቀጥታ ከኢኤስሲው ጋር የሚበየደው በዚህ ምክንያት ነው። እዚያ ገመዱ ቀጭን ስለሆነ (ብዙ ጊዜ 18 ወይም 20 ጌጅ፤ የጌጅ ቁጥር ሲያንስ ገመዱ ይወፍራል) መካከለኛ ካውያም ይበቃዋል። ሞተሩ በተቃራኒ አቅጣጫ ከዞረ ደግሞ ገመድ መቀያየር አያስፈልግም፤ በሶፍትዌር ይገለበጣል።

ችግሩ የሚመጣው በጥገና ጊዜ ነው። ድሮኑ ወድቆ የሞተሩ ዘንግ በተጣመመ ቁጥር ሊዱን አቅልጦ መንቀል የግድ ነው። ኢኤስሲው ላይ ያለችው ስስ የመዳብ ገጽ ደግሞ በተደጋጋሚ ስትሞቅ ከቦርዱ ትላቀቃለች፤ አንዴ ከተላቀቀች መመለሷ ከባድ ነው። ስለዚህ ይህን ምርጫ የምመክረው ክብደት ለሚያስጨንቀውና ሜዳ ላይ ሞተር ለመቀየር ለማያስብ ሰው ነው። ለመማሪያ አውሮፕላን፣ ለመኪና ወይም ሞተሩ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ለሚዘዋወርበት የተማሪዎች ፕሮጀክት አይሆንም።

ቡሌት

ለአብዛኛው ሰው መልሱ ይህ ነው። ከሦስቱ ገመዶች ሁለቱን ነቅሎ ማቀያየር ብቻ የሞተሩን አዙሪት ይገለብጣል። አንዱ ቢበላሽ የሚቀየረው አንዱ ብቻ ነው። ዋጋውም ትንሽ ነው።

መጠኑን ስትመርጡ የገመዱ ውፍረት ይምራችሁ። እኔ የምሠራበት ልክ ይህ ነው፦ እስከ 20 አምፔር ለሚስቡ ትንንሽ ሞተሮች 2 ሚሊ ሜትር፤ እስከ 40 ወይም 50 አምፔር 3.5 ሚሊ ሜትር፤ ከዚያ በላይ እስከ 70 አምፔር 4 ሚሊ ሜትር፤ ለትልልቅ መኪናዎችና ጀልባዎች 5.5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ። ሻጮች ለአንድ ዓይነት ቡሌት የተለያየ አምፔር ስለሚጽፉ እኔ ወደ ዝቅተኛው አዘነብላለሁ። 14 ጌጅ ገመድ (2.08 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ) ለ3.5 ቡሌት ይስማማል፤ 12 ጌጅ (3.31 ካሬ ሚሊ ሜትር) ደግሞ ለ4 ሚሊ ሜትር። ገመዱ ከጽዋው (ከቡሌቱ የገመድ ማስገቢያ) ሰፍቶ አልገባ ሲል ክሮቹን እየቆረጡ ማሳነስ አለ፤ እባካችሁ አታድርጉት። የቆረጣችሁት ክር ሁሉ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት መንገድ ነበር።

ወንዴው በሁለት ዓይነት ይሠራል። አንዱ ወገቡ ላይ ቀጭን የስፕሪንግ ቅርጫት የለበሰ ነው፤ ሲገባ ለስለስ ይላል፣ ግን ቅርጫቱ ከዘመን ብዛት ይደክማል፣ አንዳንዴም ወልቆ ሴቴው ውስጥ ይቀራል። ሌላው ከአንድ ወጥ ናስ የተሠራና ጫፉ የተሰነጠቀ ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ሲላላ ስንጥቁ ውስጥ የቢላ ጫፍ አስገብቶ በጥቂቱ ከፈት ማድረግ ስለሚቻል ዕድሜው ይረዝማል። በተረፈ ወንዴና ሴቴውን ከአንድ ቦታ፣ ከአንድ ጊዜ ግዢ አድርጉት። መጠናቸው በስም አንድ ሆኖ በእጅ ሲሞከሩ የሚላሉ ብዙ አጋጥመውኛል።

ኤምቲ30 እና ኤምቲ60

ቢጫውን የባትሪ ማገናኛ ኤክስቲ60ን የሚያውቅ ሰው ኤምቲ60ን ወዲያው ይለየዋል፤ የሚሠራው ያው አማስ የተባለው አምራች ነው። ሦስት ፒን በአንድ የናይለን ቤት ውስጥ ናቸው። ኤምቲ30 ባለ 2 ሚሊ ሜትር፣ ኤምቲ60 ባለ 3.5 ሚሊ ሜትር ፒን ነው። እዚህ ላይ ስሙ ያሳስታል። ኤምቲ60 ሲባል ያለማቋረጥ 60 አምፔር የሚችል ይመስላል፤ በተከታታይ እንዲያሳልፍ የተመደበው ግን 30 አምፔር ያህል ነው፣ 60ው ለአጭር ጊዜ ነው። ኤምቲ30ም እንዲሁ 15 ያህል ነው።

ጥቅሙ ለሚነቃቅል ሰው ነው። ክንፉን ፈትቶ በመኪና የሚያጓጉዝ፣ ሜዳ ሲደርስ የሚገጣጥም ሰው ሦስት ቡሌት እየፈለገ አይቸገርም፤ አንዴ ሰካ ማድረግ ይበቃዋል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚገባም ሞተሩ ዛሬም ነገም ወደ አንድ ወገን ነው የሚዞረው። ባለአራት ሞተር ድሮን ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በችኮላ የተሳሳተ አንድ ሞተር ድሮኑን ገና ሲነሳ ይገለብጠዋል።

ብየዳው ግን ከቡሌት ይከብዳል። ጽዋዎቹ ጠባብና የተቀራረቡ ናቸው፤ ካውያው ሲቆይ ናይለኑ ይለሰልስና ፒኑ ዘመም ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ስትበይዱ ተጓዳኙን ሰክታችሁ ያዙት። ሌላኛው ወገን ፒኖቹን ቀጥ አድርጎ ይይዛቸዋል፣ ሙቀቱንም ይጋራል። ኤክስቲ60 ስትበይዱም እንዲሁ አድርጉ። ካውያችሁ ደካማ ከሆነ ግን ኤምቲ60ን ተዉት፤ ደካማ ካውያ ብዙ ይቆያል፣ ብዙ የቆየ ካውያ ደግሞ ቤቱን ያቀልጣል።

ስለ ሞርሴቶም ይጠየቃል፤ ለቤት መብራት መስመር በካቻቢቴ የሚጠብቀው ማለቴ ነው። ጠረጴዛ ላይ ሞተር ለአንድ ደቂቃ ለመፈተሽ ይሆናል፤ የሚንቀጠቀጥ ነገር ላይ ግን አይሆንም። ብሎኑ ቀጫጭኖቹን ክሮች ይበጣጥሳቸዋል፣ ንዝረቱም ያላላዋል። ገመድ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ደግሞ ከነጭራሹ አይታሰብ።

ካውያውና ሊዱ

እዚህ ላይ ጊዜ መውሰድ ይገባል፤ ከላይ ያለው ምርጫ ሁሉ የሚወድቀውም የሚነሳውም በዚህ ነው።

ለሬዲዮና ለሞባይል ጥገና የሚሸጠው ባለቀጭን ጫፍ 30 ወይም 40 ዋት ካውያ ወፍራም የሞተር ገመድ ላይ ሲቀመጥ ራሱ ይቀዘቅዛል። መዳብ ሙቀትን እንደ ውኃ መውረጃ እየሳበ ወደ ሞተሩ ይወስደዋል። ሠሪው ሊዱ እስኪቀልጥ ብሎ ረጅም ጊዜ ይይዘዋል፤ በዚያ መሃል የገመዱ ልባስ ይቃጠላል፣ መገናኛው ግን አሁንም በቂ ሙቀት አላገኘም። 4 ሚሊ ሜትር ቡሌትና 12 ጌጅ ገመድ ለመበየድ 60 ዋትና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ሙቀቱ የሚስተካከል ካውያ እፈልጋለሁ። ጫፉ እንደ ካቻቢቴ ጠፍጣፋና ሰፊ ይሁን፤ ሹል ጫፍ ገመዱን በነጥብ ብቻ ስለሚነካው ሙቀቱን አያስተላልፍም። ሙቀቱን ከ370 እስከ 400 ዲግሪ ሴልሺየስ አድርጉትና ሥራውን በጥቂት ሰከንድ ጨርሱ። ከፍ ያለ ሙቀት ለአጭር ጊዜ፣ ዝቅ ካለ ሙቀት ለረጅም ጊዜ የተሻለ ነው።

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ያለ ሰው በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ካውያ መምረጡ ልክ ነው። እንደ ቲኤስ100 ያሉት በሞዴሉ ባትሪ ይሠራሉ። ግን ኃይላቸው እንደ ቮልቴጁ ነው፦ ቲኤስ100 በ24 ቮልት 65 ዋት ያህል ሲሰጥ በ12 ቮልት የሚሰጠው 17 ዋት ያህል ብቻ ነው። በባለ 3 ሴል ባትሪ ወፍራም ቡሌት ልትበይዱበት ሞክራችሁ «ይህ ካውያ አይረባም» ካላችሁ፣ ችግሩ ካውያው ሳይሆን ባትሪው ነው። ባለ 5 ሴል ባትሪ ወይም የላፕቶፕ 19 ቮልት ቻርጀር ስትሰጡት ሌላ ካውያ ይሆናል።

ሊድ ወይም ሶልደር የምንለው ደግሞ በሦስት ዓይነት ይገኛል። 63 በመቶ ቆርቆሮና 37 በመቶ እርሳስ የሆነው በ183 ዲግሪ ቀልጦ እዚያው ይጠነክራል፤ መሃል ላይ ገንፎ የሚሆንበት ጊዜ የለውም። 60/40 የሚባለው ከ183 እስከ 190 ዲግሪ ባለው መሃል ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፤ በዚያ ቅጽበት እጃችሁ ከተንቀሳቀሰ መገናኛው ውስጡ ይሰነጠቃል። እርሳስ የሌለበት የቆርቆሮ፣ የብርና የመዳብ ቅይጥ ለመቅለጥ ከ217 እስከ 220 ዲግሪ ይፈልጋል፣ ሲደርቅም ደብዘዝ ይላል። ለጀማሪ 63/37ን ያለማመንታት እመርጣለሁ። እርሳስ ስለሆነ ከሥራው በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ እየበየዱም አለመብላት ነው። ጭሱ የፍላክሱ (ሊዱ ብረቱን እንዲይዝ የሚረዳው ማጽጃ) ነው፤ መስኮት ክፈቱ።

አውሮፓ ለምትኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ እዚያ የሚሸጥ አብዛኛው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ እርሳስ በሌለበት ሊድ ነው የሚበየደው። ስለዚህ ከፋብሪካ የመጣ ማገናኛ ከኢኤስሲ ላይ አልቀልጥ ሲላችሁ ሙቀት ከመጨመር ይልቅ ከእርሳስ ጋር ያለውን ሊድ ትንሽ ጨምሩበት። ሲቀላቀሉ ማቅለጫው ይወርዳል፤ ከዚያ አብራችሁ ጥረጉት።

ፍላክሱ የሮዚን ይሁን። ለቧንቧ ሥራ የሚሸጠው አሲድ ያለበት ፓስታ ሥራውን ያቀለዋል፣ ግን ተርፎ ይቀርና በልባሱ ሥር መዳቡን ቀስ እያለ ይበላዋል።

ኢናሜል፦ የማይታየው ልባስ

ወደ ጀልባዬ ልመለስ። ብዙ ብራሽለስ ሞተሮች ላይ ወደ ውጭ የሚወጣው ገመድ በኋላ የተቀጠለ ለስላሳ የሲሊኮን ኬብል ሳይሆን ራሱ የሞተሩ ጥምጥም ሽቦ ነው። ሞተሩ ውስጥ ሽቦዎቹ እርስ በርስ እንዳይነካኩ እያንዳንዱ ክር በኢናሜል ተለብጧል። ኢናሜሉ የመዳብ ቀለም ስላለው ዓይን አይለየውም። ፋብሪካው ጫፉን ብቻ ጠርጎ ሊድ ያለብሰዋል። ገመዱ ረዘመብኝ ብላችሁ ያንን ጫፍ ስትቆርጡት የተጠረገውን ክፍል ጣላችሁት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሊዱ ዙሪያውን ያቅፈዋል እንጂ አይይዘውም።

አንዳንዱ ኢናሜል በሞቀ ካውያ ይቃጠላል። ለሞተር የሚሠራው ግን ሙቀት እንዲችል ተብሎ ስለሆነ ብዙ ጊዜ በካውያ ብቻ አይለቅም። ክሮቹን በትኑ፣ እያንዳንዱን በቢላ ጀርባ ወይም በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን ፋቁ፣ ቀለሙ ወደ ብሩህ ሮዝ መዳብ እስኪለወጥ ድረስ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ከዚያ ፍላክስ ቀብታችሁ ሊድ አልብሱትና ተመልከቱ። ሊዱ ክሮቹ መሃል ሰርጎ ከገባ ጸድቷል፤ እንደ ውኃ በዘይት ላይ ከተንከባለለ ገና ነው።

ቴስተራችሁ ጢጢ ማለቱን ግን አትመኑት። ከአሥር ክር አንዱ ብቻ ቢያያዝም ይጮኻል። ሞተሩ በዚያ ሁኔታ ሳይጫን ሊዞርም ይችላል፤ ሸክም ሲመጣ ነው ሁሉም ነገር በአንድ ክር አልፋለሁ ብሎ የሚግለው። ስለዚህ ካልቸገራችሁ በቀር የጥምጥም ሽቦ የሆነውን ገመድ አትቁረጡ። ረዘመ? ጠቅልላችሁ እሰሩት። አጠረ? የኢኤስሲውን ገመድ ቀጥሉ።

አበያየዱ

መጀመሪያ ሽሪንኩን ገመዱ ላይ አስገቡና ከብየዳው ራቅ አድርጉት። ይህ ይረሳል፤ ሲረሳም የተበየደውን መንቀል ነው።

ቡሌቱን የምይዘው በእንጨት ነው። በጣውላ ቁራጭ ላይ በትራፓኖ የቡሌቱን ልክ ቀዳዳ እበሳና ጽዋውን ወደ ላይ አድርጌ እተክለዋለሁ። ሞርሳ ወይም ፒንሳ ብረት ስለሆነ ሙቀቱን ይሰርቃል፤ እንጨት አይሰርቅም። የልብስ መቆንጠጫም ይሠራል። ገመዱን አስቀድማችሁ ሊድ አልብሱት። ከዚያ የካውያውን ጠፍጣፋ ጎን ከቡሌቱ ውጭ ጎኑ ላይ አስደግፉ፤ ብዙ ቡሌት ጎኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለው፣ እሱ ጋ አድርጉት። ጽዋውን እስከ ሁለት ሦስተኛው በሊድ ሙሉት፣ ሊዱ እንደቀለጠ ገመዱን ወደ ውስጥ ስደዱ፣ ካውያውን ከሁለት ሰከንድ በኋላ አንሱ፣ እጃችሁን ግን አታንቀሳቅሱ። እፍ አትበሉበት። ሊዱ ወደ ላይ ልባሱ ሥር ድረስ ከተሳበ ገመዱ እዚያ ላይ ደረቅ ይሆናል፤ በንዝረት የሚሰበረውም እዚያው ነው። ስለዚህ ሊድ አብዝቶ ማፍሰስ ጥንካሬ አይጨምርም።

ሲቀዘቅዝ በሙሉ ጉልበት ሳቡት። አዎ፣ በሙሉ ጉልበት፤ ጠረጴዛ ላይ ቢነቀል ይሻላል።

ወንዴው ወደ ሞተሩ፣ ሴቴው ወደ ኢኤስሲው ይሁን። ኃይል የሚመጣው ከኢኤስሲው ወገን ነው። ሴቴውን ሽሪንክ እስከ አፉ ድረስ ስለሚሸፍነው፣ ሞተሩ ተነቅሎ ባትሪው ቢረሳ እንኳ ሦስቱ ጫፎች አይነካኩም። ባትሪም ላይ በዚሁ ምክንያት ሴቴው ከባትሪው ወገን ነው።

ለየትኛው ሥራ የትኛውን

ለ1/10 መኪና (የእውነተኛው አንድ አሥረኛ ለሆነው)፣ ባለ 540 መጠን ሞተርና ባለ 2 ወይም 3 ሴል ባትሪ 4 ሚሊ ሜትር ቡሌት እወስዳለሁ። ለተለመደው ባለ 2212 መጠን ሞተርና ባለ 30 አምፔር ኢኤስሲ፣ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ድሮን ሲሠሩ በብዛት ለሚጠቀሙበት፣ 3.5 ሚሊ ሜትር ቡሌት በቂ ነው፤ ካውያቸው ጠንካራ ከሆነና ሞተሩን ቶሎ ቶሎ የሚፈቱ ከሆነ ኤምቲ60 ይሻላቸዋል። ፕሮፔለሩ አምስት ኢንች ለሆነ ድሮን በቀጥታ ይበየድ። ለጀልባ 5.5 ሚሊ ሜትር፣ ግን 80 ዋት ካውያ ላለው ብቻ፤ ከሌለ የሚያበይድላችሁን ሰው ፈልጉ።

ባለሁለት ገመዱ ብራሽድ ሞተር ቀላል ነው፤ ሁለት 3.5 ቡሌት ይበቃዋል፣ ሁለቱን ማቀያየር አዙሪቱን ይገለብጣል።

ሞተራችሁ ሴንሰር ያለው ከሆነ፣ ማለትም ከሦስቱ ወፍራም ገመዶች ሌላ ቀጭን የሽቦ ጥቅል ካለው፣ ከላይ ያልኩት የማቀያየር ነገር አይሠራም። ሞተሩና ኢኤስሲው ላይ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ተብሎ ተጽፏል፤ ኤ ከኤ፣ ቢ ከቢ፣ ሲ ከሲ ጋር ብቻ ይገናኛል። አዙሪቱን የምትገለብጡት በኢኤስሲው ቅንብር ነው።

ባትሪውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሰካታችሁ በፊት ፕሮፔለሩን ፍቱ፣ መኪና ከሆነ ጎማዎቹን ከመሬት አንሱ። ባለ 3 ሴል ባትሪ ከሆነ ከባትሪው አንዱ ገመድ ላይ ባለ 12 ቮልት 21 ዋት የመኪና አምፖል በመሃል አስገቡ። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከጠፋ የተነካካ ነገር የለም፤ አምፖሉን አውጥታችሁ ባትሪውን በቀጥታ ሰኩ። ደምቆ ከበራ ወዲያው ንቀሉና ሽሪንኮቹን አንድ በአንድ እዩ፤ ኢኤስሲው ገና አልተቃጠለም።